የአያት ኦናና የተረሳ መቃብር፤ የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

በቅርቡ ከሰሜን ሸዋ ልዩ ልዩ ቦታዎች የደረሱን ሦስት ደብዳቤዎች ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው በዚህ ዕትም አንድ ላይ መልሰናቸዋል። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ የሚፈልግ በመሆኑ የዓምዱን አብዛኛውን ቦታ ወስዷል።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ሲሆን የአባቴ ወገኖች የመንዝ ማማ ምድር ሰዎች ናቸው። አያቴ በሕይወት ሳሉ «የአቅኚው አባታችን ቤት ከማዶው ጉብታ ላይ ነበረ፤ በክፉ ቀን ሰዉ አለቀና ቦታው ኦና ሆኖ ቀረ» እያሉ ያጫውቱን ነበር። እርሳቸውም ዛሬ የሉም። በስልኬ የሳተላይት ምስል ስመለከት እርሳቸው በሚሉት አቅጣጫ ክብ ክብ የድንጋይ ምልክቶች ይታያሉ፤ ቤት ይሁኑ መቃብር ግን መለየት አልቻልሁም። ሄጄ ባየው እወዳለሁ። ከየት ልጀምር?
(ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ስለ ድንጋዮቹ ከማውራታችን በፊት ስለ ሰዎቹ ማውራት ይሻላል። ከከተማ የመጣ እንግዳ በመንዝ ጉብታ ላይ ቆሞ ስልኩን እያወጣ ሲለካና ፎቶግራፍ ሲያነሣ ያየ ገበሬ ከሁለት አንዱን መጠርጠሩ አይቀርም፤ ወይ ርስት ጠያቂ ነው፣ ወይ ወርቅ ፈላጊ ነው። ጥርጣሬው ከሜዳ የመጣ አይደለም። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በዚያ አገር አንድ ሰው የመሬት ድርሻ የሚጠይቀው፣ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ከአቅኚው አባት እስከ ራሱ ድረስ የሚወርደውን ሐረግ በሽማግሌና በዳኛ ፊት ቆጥሮ ነበር። «የአያቴ አባት ቤት እዚህ ነበረ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በዚያ ዘመን የሙግት መክፈቻ እንጂ የትዝታ ወሬ አልነበረም። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ካደረገ ወዲህ ያ ሙግት በሕግ ቢዘጋም፣ ከሰዉ ልብ ግን ጨርሶ አልወጣም። ስለዚህ አስቀድመው ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤትና ወደ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ቀርበው የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ምን እንደሚፈልጉና መሬት እንደማይጠይቁ በግልጽ ይናገሩ፤ የአካባቢውን ጸጥታም በዚያው ይጠይቁ። ከሁሉም በላይ ማሳውን ዛሬ የሚያርሰውን ሰው ፈቃድ ይለምኑ፤ ቢቻል እርሱ ራሱ መርቶ እንዲያሳይዎ ያድርጉ። እኔ ከዓመታት በፊት ይህን ሳላደርግ ብቻዬን ወጥቼ፣ ከአንድ ኦና ላይ ውሻ ተለቅቆብኝ ወርጃለሁ። ጥፋቱም የራሴ ነበር።

ያው የመሬት ሥርዓት ለእርስዎ ፍለጋ የተወው በጎ ነገርም አለ። ሐረግ መቁጠር የእንጀራ ጉዳይ ስለነበረ ሰዎች ስም ከነቦታው አጥብቀው ይይዙ ነበር፤ ከአዋጁ በኋላ ያደጉት ግን ለመቁጠር የሚያስገድዳቸው ምክንያት ስላልነበረ ብዙዎቹ ከአያት አያልፉም። ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ መድረስ ያስፈልጋል። ከዚያ ቀጥሎ የቤተሰቡን ሣጥን ያስከፍቱ። የንጉሡ ዘመን የግብር ደረሰኝ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም ኑዛዜ ከተገኘ የቦታው ስም በውስጡ መኖሩ አይቀርም። ወረቀቱ ላይ «መንዝና ግሼ አውራጃ» ወይም «ተጉለትና ቡልጋ አውራጃ» የሚል ቢያገኙ እንግዳ አይሁንብዎ፤ እነዚህ አውራጃዎች ዛሬ በብዙ ወረዳዎች ተከፋፍለዋል። የቦታ ስሞችን ለማዛመድ ከስልኩ ምስል ይልቅ የሚረዳዎ ሃምሳ ሺህ እጥፍ አሳንሶ የተሠራው የአገሪቱ የመሬት ገጽታ ካርታ ነው፤ በእርሱ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ አምስት መቶ ሜትር ሲሆን፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ ወንዞችና የመንደር ስሞች ሰፍረውበታል።

የተጻፈ ነገር ምን ያህል እንደሚያቆይ ለማየት አንኮበር አጠገብ ያለውን ሌት ማረፊያን ማስታወስ ይበቃል። የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1877 በዚያ የምርምር ጣቢያ አቋቁሞ ነበር፤ የጣቢያው መሪ ኦራዚዮ አንቲኖሪም እ.ኤ.አ. በ1882 በዚያው ሞተው ተቀበሩ። የእርሳቸውን መቃብር ስፍራ የምናውቀው ጓደኞቻቸው ስለጻፉት ነው። በዚያው ዘመን በዙሪያው ያርሱ የነበሩት ገበሬዎች ስማቸው በድንጋይ ላይ አልተቀረጸላቸውም፤ የእነርሱ መዝገብ የሰው አፍና የቦታ ስም ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው ሽማግሌ ሲያገኝ የሚጠይቀው «እገሌ የት ይኖር ነበር?» ብሎ ነው። ይልቁንስ «አጥቢያው የትኛው ታቦት ነበር?» ብለው ይጠይቁ። በክርስቲያኑ የመንዝ ገበሬ ዘንድ ሰው በቤቱ አጠገብ አይቀበርም ነበር፤ ፍትሐቱም ግብአተ መሬቱም ተስካሩም በአጥቢያው ነው። በመሆኑም የቤቱ ፍራሽና መቃብሩ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይገኛሉ፤ በመካከላቸውም አንዳንድ ጊዜ ወንዝና ሸንተረር አለ። በኦናው ላይ ትናንሽ የድንጋይ ክምሮች ቢያዩ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት ያረፉባቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወንዱ በአርባ ቀን፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ከመጠመቃቸው በፊት ከሞቱ በብዙ ቦታ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ውጭ ይቀበሩ ነበርና። የአቅኚውን መቃብር ግን እዚያ አይፈልጉ።

አጥቢያው ሲታወቅ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬ ባለበት ቦታ ነበረ ወይ? በጦርነት፣ በቃጠሎ፣ በውሃ ችግር ወይም በሰዉ መሰደድ ምክንያት ታቦት ከቦታ ወደ ቦታ ይዛወራል፤ መቃብር ግን አብሮ አይዛወርም። የተረሱ የምንላቸው የክርስቲያን መቃብሮች በአብዛኛው እንዲህ የቀሩ ናቸው። የድሮው ቅጥር ከሩቅ ይታወቃል፤ በታረሰ ማሳ መካከል ማንም የማይነካቸው ጥቂት የጥድና የወይራ ዛፎች ክብ ሠርተው ቆመው፣ ውስጡ ክብ የግንብ መሠረት፣ ዕድል ከቀናም የድንጋይ ደወል ይገኝበታል። ገበሬው ሞፈሩን እዚያ ሲደርስ ለምን እንደሚያዞር ቢጠይቁት «አባቶቻችንም አላረሱትም» ከማለት ሌላ ምክንያት ላይሰጥዎ ይችላል፤ ያ መልስ ራሱ ትልቅ ማስረጃ ነው። ቦታው ካልታወቀ ደግሞ ስለ መንገዱ ይጠይቁ። አስከሬን ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሰባት ጊዜ እያረፈ ጸሎት ይደረግለት ስለነበር፣ «አስከሬን በየት በኩል ይወጣ ነበር? የትስ የት ያርፍ ነበር?» ብለው ሲጠይቁ ስሙን የረሳ ሰው እንኳ መንገዱን ያስታውሳል። ከወንዶች ሽማግሌዎች ሌላ እናቶችንም ይጠይቁ፤ ውሃ ከየት ይቀዳ እንደነበረ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ውሃው ከታወቀ ቤቱ ከዚያ አይርቅም። እረኞችም የእያንዳንዱን ቋጥኝ ስም ያውቃሉ። የሚጠረጥሩትን አስቀድመው አይንገሯቸው፤ እንግዳን ማስቀየም የማይወድ ሰው «አዎን» ማለት ስለሚቀለው፣ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ሳይነጋገሩ አንድ ቦታ ካላሳዩዎ በስተቀር አልደረሱበትም ማለት ነው።

በምስሉ ላይ ስላዩአቸው ክቦች ቦታው ላይ ሳይቆሙ መወሰን አይቻልም፤ ሆኖም የሚመለከቱትን ልንገርዎ። የቤት ፍራሽ መሐሉ ባዶ ነው፤ የካቡ ሥር በአንድ በኩል ለበር ተከፍሎ ይታያል፣ ስፋቱም ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ስምንት ሜትር ቢሆን ነው። ከዚያ በጣም የሚሰፋው በረት ወይም አውድማ ሊሆን ይችላል። ጉልቻ፣ የተሰበረ ወፍጮ ወይም መጅ፣ የሸክላ ስብርባሪና ግራጫ የአመድ ማፍሰሻ ከታከሉበት ሰው እንደኖረበት አይጠራጠሩ። ሳማም ይመሰክራል፤ በፍግና በአመድ የዳበረ አፈር ስለሚወድ፣ ሰው ለቅቆ ከሄደ በኋላም በድሮው በረትና ጓሮ ላይ ለምለም ሆኖ ይበቅላል። የጌሾ ቁጥቋጦም ከጓሮ ርቆ እንደ ዱር ተክል ሲገኝ ያስጠረጥራል። ባሕር ዛፍ ካለ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ስለሆነ፣ ጉቶው ሰው ከክፉ ቀን በኋላም እዚያ እንደነበረ ወይም እንደተመለሰ ያሳያል። ጠገራ ብር ቢታይም ለዘመን ቆጠራ አይጠቅምም፤ ማርትሬዛ እ.ኤ.አ. ከ1780 ወዲህ በየትኛውም ዓመት ብትመታ በላይዋ ላይ ያለው ዓመት ያው 1780 ነው።

መሐሉ ባዶ ሳይሆን በድንጋይ የተሞላ ክብ ጉብታ ካዩ ነገሩ ከቤተሰብዎ ታሪክ በጣም የራቀ ሊሆን ይችላል። በመንዝና ወደ ወሎ በሚሄደው ደጋ ላይ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች አንዳንድ እንዲህ ያሉ ጉብታዎችን ቆፍረው፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም ያልነበሩ ሰዎች መቃብሮች መሆናቸውን አረጋግጠዋል፤ ከሟቾቹም ጋር የሸክላ ዕቃና የመስታወት ጨሌ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ ይህን «የሻይ ባህል» ብለው ሰይመውታል፤ ከምንጠጣው ሻይ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ክቦቹ ደግሞ በቀጥታ መስመር ተራ በተራ ከተሰለፉ ነገሩ በተቃራኒው በጣም ቅርብ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በሸዋ በስፋት በተካሄደው የመንደር ምሥረታ ገበሬው ተበታትኖ ከኖረበት ቀዬ ተነሥቶ በመስመር በተሠሩ ቤቶች እንዲሰፍር ተደርጎ ነበር፤ በ1982 ዓ.ም. ፖሊሲው ሲለወጥ ብዙው ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰና የመንደሩ ቤቶች በተራቸው ኦና ሆኑ። በእኔ ግምት በደጋው ላይ «የጥንት» እየተባሉ ከሚታዩት ፍራሾች ጥቂት የማይባሉት የእነዚህ ዓመታት ሥራ ናቸው።

ስለ ክፉ ቀንም አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ያ ረሃብ በምጽዋ በኩል በገባው የከብት ደስታ በሽታ የተነሣ በሬ አልቆ፣ እርሻ ቆሞ የመጣ በመሆኑ መንደሮችን ባዶ ማድረጉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በሸዋ ልማድ ያረጀ ፍራሽ ሁሉ ወይ ለግራኝ ወይ ለክፉ ቀን ይሰጣል። የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታም፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው የጣሊያን ወረራም ሰው ቀዬውን እንዲተው አድርገዋል። ከአያትዎ እስከ አቅኚው ስንት ትውልድ እንደሚቆጠር በትክክል ይወቁ፤ ለአንድ ትውልድ ሃያ አምስት ወይም ሠላሳ ዓመት እየሰጡ ወደ ኋላ ሲሄዱ የተባለው ዘመን ላይ ካልደረሱ፣ የቦታው ታሪክና የሰውየው ታሪክ በአፍ ሲተላለፍ ተደባልቆ ይሆናል።

ለጉዞው የሚመረጠው ጥር ነው። የመኸሩ አዝመራ ተሰብስቦ፣ የበልጉ እርሻ ገና ሳይፋፋም፣ ሣሩም አጥሮ መሬቱ ራቁቱን ይታያል። ጠዋት ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለች ወይም አመሻሽ ላይ ይመልከቱ፤ በእኩለ ቀን ፈጽሞ የማይታይ የካብ ሥር በዚያ ሰዓት ጥላ ይጥላል። ወደ ገደሉ አፍ ከቀረቡ ጉም በድንገት ስለሚወርድ አገር የሚያውቅ ሰው ሳይዙ አይሂዱ።

ሊያገኙ የሚችሉት የአቅኚውን ቀዬና ያረፉበትን ቅጥር ነው። በቅጥሩ ውስጥ ካሉት ክምሮች መካከል የእርሳቸው የትኛው እንደሆነ የሚነግርዎ ጽሑፍ አይኖርም፤ በአንድ ቦታ ላይ ብዙ ትውልድ ተደራርቦ ስለሚቀበር ጣቱን ቀስሮ የሚያሳይዎ ሰው ቢያገኙም እንኳ ጠርጥሩት። ማንን እንደጠየቁ፣ ምን እንዳሉዎና በየት ቀበሌ እንደሆነ ግን በዚያው ቀን ይጻፉ።

ጥያቄ፦ በሸዋ ሮቢት አቅራቢያ በእርሻችን ዳር በድንጋይ የተከበቡ ብዙ አሮጌ መቃብሮች አሉ። ሁሉም በረድፍ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉ ናቸው። ግማሹ ጎረቤታችን «ፊታቸው ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የክርስቲያን ናቸው» ይላል፤ ግማሹ «የሙስሊም ናቸው» ይላል። እውነቱ በምን ይታወቃል?
(ከቀወት)

መልስ፦ አቅጣጫው ብቻውን ክርክራችሁን አይፈታም፤ ምክንያቱም ደስ የሚል የጂኦግራፊ ጉዳይ ነው። ክርስቲያን ራሱ በምዕራብ፣ እግሩ በምሥራቅ ሆኖ ይቀበራል። ሙስሊም ደግሞ በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ፊቱ ወደ መካ ይሆናል። ሌላ አገር ቢሆን ይህ ሁለቱን ይለያቸው ነበር፤ ነገር ግን መካና የእናንተ አካባቢ ሁለቱም በ40ኛው የኬንትሮስ መስመር አጠገብ ስላሉ፣ ለሸዋ ሮቢት ሰው መካ በቀጥታ ወደ ሰሜን ናት። ፊቱ ወደ ሰሜን ሆኖ በቀኝ ጎኑ የተጋደመ ሰው ራሱ በምሥራቅ፣ እግሩ በምዕራብ ይውላል። ስለዚህ ከላይ ሲታዩ ሁለቱም መቃብሮች በአንድ መስመር የተዘረጉ ናቸው፤ የሚለያዩት በራስጌው ብቻ ነው። የቆመ ድንጋይ በአንድ በኩል ብቻ ካለ የራስጌው ምልክት ሊሆን ስለሚችል ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል፤ በሁለቱም ጫፍ ካለ ግን ይህም ፍንጭ አይሆንም።

ስለዚህ ከመቃብሩ ወጣ ብለው ዙሪያውን ይዩ። አራት ማዕዘን የድንጋይ ግንብ ፍራሽ ኖሮ በሰሜን ግድግዳው ላይ ሚሕራብ፣ ማለትም ኢማሙ የሚቆምበት ጎድጓዳ ስፍራ ከታየ መስጊድ ነበረ። የእናንተ አገር ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 15ኛው መጀመሪያ ድረስ በወላስማ ሥርወ መንግሥት ሲገዛ የነበረው የይፋት ሱልጣኔት መሬት መሆኑን አትርሱ፤ እንደ ኖራ ያሉ የድንጋይ ከተሞች ፍራሽ እስካሁን በቆላው ዳገት ላይ አለ፣ በቤሪ ይፋትም በ14ኛው ክፍለ ዘመን የዐረብኛ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው የወላስማ መቃብሮች ተገኝተዋል። በድንጋዮቹ ላይ የተቀረጸ ነገር ካለ በጠመኔም ሆነ በከሰል አታድምቁት፣ በሽቦ ብሩሽም አትፈግፍጉት፤ ጎህ ሲቀድ በሰያፍ ብርሃን ፎቶግራፍ አንሡት። እሬት በላያቸው በቅሎ ቢሆን በብዙ ቦታ በመቃብር ላይ የመትከል ልማድ ስላለ ሊጠቅም ይችላል፤ ነገር ግን በድንጋያማ መሬት ራሱም ስለሚበቅል ብቻውን አይታመንም። ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ማረሻው እንዳይደርስባቸው ማድረግ ለሁለቱም ወገን ጎረቤቶቻችሁ የሚስማማ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር የአካባቢያችንን ታሪክ ስንሰበስብ በአንድ ዋሻ ውስጥ የሰው አጥንትና የጥይት ቀለህ አየን። ተማሪዎቹ አጥንቱን ሰብስበን በክብር እንቅበር ይላሉ። ብናደርገው ምን ይመስላችኋል?
(ከመንዝ)

መልስ፦ ሐሳቡ የሚያስመሰግን ቢሆንም እጃችሁን ሰብስቡ። በዘረት የሚገኘውና የአካባቢው ሰው አመፀኛ ዋሻ የሚለው ስፍራ ለምን እንደማትነኩት ያስረዳችኋል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር በዚያ ዋሻ የተጠለሉትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን ከብቦ በመርዝ ጋዝና በጥይት ፈጃቸው። ሕዝቡ ከቶ ያልረሳው ቢሆንም ስፍራው በታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ጣሊያናዊው ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ደርሶበት ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናት አድራጊዎች ስለ እልቂቱ ብዙ ሊያውቁ የቻሉት አጥንቱም፣ ሸክላውም፣ ቀለሁም በወደቀበት ስለቆየ ነበር። አጥንቱን አንድ ጊዜ ሰብስባችሁ ብትቀብሩት ማን የት እንደወደቀ፣ በምን እንደሞተ የሚናገረው ነገር አብሮ ይቀበራል። ደግሞም በእንዲህ ያለ ዋሻ ያልፈነዳ ጥይት ወይም ቦምብ ሊኖር ስለሚችል ተማሪዎቹን ዳግመኛ ወደ ውስጥ አታስገቧቸው።

ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል፤ ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ የሙታንን ዕረፍት ማወክን በወንጀል ያስቀጣል። ስለዚህ ዋሻው የሚገኝበትን ቦታ፣ ያያችሁበትን ቀንና ከዋሻው አፍ ሆናችሁ ያነሣችሁትን ፎቶግራፍ አያይዛችሁ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አሳውቁ፤ ግልባጩን ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ስጡ፣ ደብዳቤው መድረሱን የሚያሳይ ፊርማም አስፈርማችሁ አስቀሩ። ተማሪዎቹ ሥራ እንዳይፈቱ ደግሞ ወደ ሽማግሌዎቹ ላኳቸው፤ በዚያ ዋሻ ማን ይጠለል እንደነበረ፣ እህልና ውሃ ማን ያደርስ እንደነበረ ከሰሙ ሰዎች አፍ ይመዝግቡ። ቀብሩ የሚመለከታቸው ባለሙያዎች አይተው ሲጨርሱ፣ ካህናቱና የሟቾቹ ወገኖች ባሉበት ሊፈጸም ይችላል።